ጌጤ ዋሚና የመጨረሻው ዙር

 

የዛሬው ንባባችን የሩጫ ታሪክ ነው። ይኸውም ከሰሜን ሸዋ ተነስታ ዓለምን ስለ ዞረች ስለ አንዲት ሴት ሯጭ፣ ስለ ጌጤ ዋሚ ነው። በንባቡ ውስጥ ብዙ ቁጥሮች ታገኛላችሁ። አትፍሯቸው፤ ቀስ ብላችሁ አንብቧቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በእኛ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በመጀመሪያ የመሮጫው ሜዳ ምን እንደሚመስል እንመልከት። የዓለም ሯጮች የሚወዳደሩበት ሜዳ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ዞሮ መነሻው ላይ ሲደርስ 400 ሜትር ሮጠ ማለት ነው። ይህም አንድ ዙር ይባላል። 100 ሜትር፣ 200 ሜትርና 400 ሜትር የሚሮጡ ሰዎች የአጭር ርቀት ሯጮች ናቸው። እነዚህ አንድ ዙር ሳይሞሉ፣ ቢበዛም አንድ ዙር እንደሞሉ ነገሩ ያልቃል። 5 ሺህ ሜትር የሚሮጥ ሰው ግን 12 ዙር ተኩል ይዞራል። 10 ሺህ ሜትር የሚሮጥ 25 ጊዜ ይዞራል። የመጨረሻው ዙር ሲጀመር ደወል ይደወላል።

እንግዲህ «10 ሺህ ሜትር የሚያሸንፈው ትንፋሹ የረዘመ ሰው ነው» ትሉ ይሆናል። ግማሹ ልክ ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ 24 ዙር ተሩጦ ሲያበቃ ሦስት ወይም አራት ሰዎች ተያይዘው ደወሉ ጋ ይደርሳሉ። ያን ጊዜ ረጅሙ ሩጫ አጭር ሩጫ ይሆናል። በትንፋሹ 24 ዙር የመጣው ሰው፣ 25ኛውን ዙር እንደ አጭር ርቀት ሯጭ ተፈትልኮ መጨረስ አለበት። ጉልበቱን አስቀድሞ የጨረሰ እዚያ ላይ ይቀራል።

ይህን በእኛ አገር በደንብ ያሳየን ምሩጽ ይፍጠር ነበር። ምሩጽ በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሎምፒክ 5 ሺህ ሜትርንም 10 ሺህ ሜትርንም አሸንፎ ሁለት ወርቅ ይዞ ተመለሰ። ከሌሎቹ ጋር ተጠግቶ ይሮጥና መጨረሻ ላይ ድንገት ጥሏቸው ይሄዳል። ስለዚህ ሕዝቡ «ማርሽ ቀያሪው» አለው። መኪና ዳገት ላይ ማርሽ ሲቀይር ድምፁ እንደሚለወጥ ታውቃላችሁ። የምሩጽም እግር እንደዚያው ነበር።

ጌጤ ዋሚ በ1967 ዓ.ም. ስትወለድ፣ ምሩጽ ገና ሞስኮ አልሄደም። እሷ የተወለደችው በደብረ ብርሃን አካባቢ ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ብርዱ የታወቀ ነው። ገብስና በግ ያለበት አገር ስለሆነ፣ የጉናን ደጋ ለምታውቁ ለእናንተ ለእስቴና ለጋይንት ሰዎች እንግዳ አይሆንባችሁም። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ነው።

ስለ ከፍታ ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። በከፍተኛ ቦታ አየሩ ስስ ነው። ስለዚህ እዚያ የሚኖር ሰው ደም፣ አየር የሚሸከሙ ቀይ ሕዋሶችን አብዝቶ ይሠራል። ይህ ለረጅም ሩጫ ይጠቅማል። ለ100 ሜትር ሩጫ ግን ብዙ አይረዳም፤ ምክንያቱም 100 ሜትር የሚያልቀው ገና ትንፋሽ ሳያጥር ነው። ታዲያ ደገኛ ሁሉ ሯጭ ነው ማለት አይደለም። ከፍታ ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ከጉና ተራራ ግርጌ ያለ መንደር ሁሉ በሜዳልያ በተሞላ ነበር። ልምምድ ያስፈልጋል፤ አሠልጣኝ ያስፈልጋል፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ «ሩጪ» የሚል ሰው ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። «ሴት ልጅ በአደባባይ ስትሮጥ ነውር ነው» የሚል ሰው በየቀበሌው አይጠፋም። ሴት ልጅ ውኃ ተሸክማ ዳገት ስትወጣ ነውር አይደለም። እንጨት ተሸክማ ቁልቁል ስትወርድ ነውር አይደለም። ባዶ እጅዋን ስትሮጥ ነው ነውር የሚሆነው! ይህን የሚለው ግን የእኛ አገር ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሠለጠነ በሚባለው በአውሮፓም ብዙ ዘመን ተብሏል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1920 ዓ.ም. በሆላንድ አገር በአምስተርዳም ከተማ ኦሎምፒክ ተደረገ። ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ 800 ሜትር፣ ማለትም ሁለት ዙር እንዲሮጡ ተፈቀደላቸው። በመጨረሻው ውድድር ሮጠው ሲጨርሱ ደከማቸው፤ አንዳንዶቹም ሣሩ ላይ ተጋደሙ። ወንዶችም ሲደክማቸው ይጋደማሉ። ነገር ግን ጋዜጦች «ሴቶቹ ተዝለፍልፈው ወደቁ፣ ይህ ሩጫ ለሴት አካል አይሆንም» ብለው አጋንነው ጻፉ። በዚህ ሳቢያ 800 ሜትር ለሴቶች ተከለከለ። የተመለሰው ከ32 ዓመት በኋላ በ1952 ዓ.ም. በሮም ነው። አዎን፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ባሸነፈበት በዚያው ኦሎምፒክ! እንግዲህ አስቡት። ወንዱ 42 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ለሴቷ የተፈቀደላት ትልቁ ርቀት ሁለት ዙር ነበር።

ከዚያ በኋላ በሩ ትንሽ በትንሽ ተከፈተ። በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ 1 ሺህ 500 ሜትር ተፈቀደ። በ1976 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ማራቶን ተፈቀደ። በ1981 ዓ.ም. መስከረም ላይ በሴኡል 10 ሺህ ሜትር ተፈቀደ። ኢትዮጵያ ሴት ሯጮችዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሎምፒክ የላከችው በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ነው። ሆኖም በሎስ አንጀለስም በሴኡልም ኢትዮጵያ አልተገኘችም፤ በዘመኑ በነበረው የመንግሥታት ጠብ ምክንያት ቀርታለች። ስለዚህ ማራቶንና 10 ሺህ ሜትር ለሴቶች ሲከፈቱ የእኛ ልጆች አገራቸው ቀሩ።

በሁለተኛው አጋጣሚ ግን አልቀሩም። ነሐሴ 1984 ዓ.ም. በስፔን አገር በባርሴሎና ደራርቱ ቱሉ 10 ሺህ ሜትርን አሸነፈች። ኦሎምፒክ ላይ ወርቅ በማግኘት ከጥቁር አፍሪካዊት ሴቶች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ያን ጊዜ ጌጤ ዋሚ የ17 ዓመት ልጅ ነበረች።

አሁን ወደ ጌጤ ሩጫ እንግባ።

1988 ዓ.ም. ለጌጤ ትልቅ ዓመት ነበር። በመጋቢት ወር በደቡብ አፍሪካ የዓለም አገር አቋራጭ ውድድር ተደረገ። አገር አቋራጭ ማለት በተሠራ ሜዳ ሳይሆን በሣር፣ በጭቃና በአቀበት ላይ የሚሮጥ ሩጫ ነው። ጌጤ አንደኛ ወጣች። ክረምቱ ሲገባ ወደ አሜሪካ፣ ወደ አትላንታ ኦሎምፒክ ተጓዘች። በ10 ሺህ ሜትር የፖርቱጋሏ ፈርናንዳ ሪቤሮ አንደኛ ወጣች። የቻይናዋ ዋንግ ጁንሺያ ሁለተኛ ሆነች። ጌጤ በ31 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ሦስተኛ ሆና የነሐስ ሜዳልያ አገኘች። ደራርቱ አራተኛ ነበረች። በዚያው ኦሎምፒክ ፋጡማ ሮባ ማራቶንን ስላሸነፈች፣ የአገሩ ሰው ሁሉ ፋጡማን ሲያነሳ የጌጤ ነሐስ ብዙም አልተወራለትም።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1991 ዓ.ም.፣ በሰሜን አየርላንድ በቤልፋስት ጌጤ እንደገና የዓለም አገር አቋራጭ አሸናፊ ሆነች። መሪማ ደንቦባ ሁለተኛ ወጣች። ሦስተኛዋ እንግሊዛዊት ናት፤ ስሟ ፓውላ ራድክሊፍ ይባላል። ይህን ስም ያዙልኝ። ከዚህ በኋላ ጌጤ በሄደችበት ሁሉ ይህች ሴት አለች።

የፓውላ ራድክሊፍ አሯሯጥ ልዩ ነበር። ጭንቅላቷ ወደ ላይና ወደ ታች ይወዛወዛል። የመጨረሻው ዙር ላይ መፈትለክ አትችልም ነበር። ይህን ራሷም ታውቀዋለች። ስለዚህ ዘዴዋ አንድ ብቻ ነበር፤ ከመጀመሪያው ጀምራ ዙሩን ማክረር። ሌሎቹ ደክመው እንዲቀሩ ከፊት ሆና ያለ ማቋረጥ ትጎትታለች። የጌጤ ዘዴ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ከኋላዋ ትጠጋለች፤ ትታገሣለች፤ ደወሉን ትጠብቃለች።

በነሐሴ 1991 ዓ.ም. ሁለቱ በስፔን በሴቪሊያ ከተማ በዓለም ሻምፒዮና ተገናኙ። ሴቪሊያ በሙቀት የታወቀች ከተማ ናት። በ10 ሺህ ሜትር ራድክሊፍ እንደ ልማዷ አብዛኛውን ዙር መራች። አንድ በአንድ ተንጠባጠቡ። ጌጤ ግን አልተለየቻትም። የመጨረሻው ዙር ላይ ጌጤ ማርሽ ቀየረች። ራድክሊፍ ልትከተላት አልቻለችም። ጌጤ በ30 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ገብታ ወርቁን ወሰደች። ይህም እስከዚያ ቀን ድረስ በዓለም ሻምፒዮና በሴቶች ከተሮጠው ሁሉ የፈጠነ ነበር። ራድክሊፍ ከሦስት ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ሁለተኛ፣ የኬንያዋ ቴግላ ሎሩፔ ሦስተኛ ሆኑ።

30 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ምን ማለት እንደሆነ በእጃችሁ ሞክሩት። 100 ሜትር ለኩ። አንድ ጎረምሳ ሰዓት ይዞ ይቁጠርላችሁና በ18 ሰከንድ ጨርሱት። ጤነኛ ወጣት ይችለው ይሆናል። ጌጤ ይህንኑ ሳታርፍ መቶ ጊዜ አከታትላ አደረገችው። አንዱን ዙር በአማካይ በ73 ሰከንድ ማለት ነው።

ከዚያ ቀጥሎ 1993 ዓ.ም. መጣ። እኔ በበኩሌ የጌጤን ማንነት የማየው ካሸነፈችበት ከሴቪሊያ ይልቅ በዚህ ዓመት ነው። መስከረም ላይ በአውስትራልያ በሲድኒ ኦሎምፒክ ተደረገ። ጌጤ በሁለት ርቀት ተሰለፈች። በመጀመሪያ 5 ሺህ ሜትር ሮጣ ከሩማኒያዋ ጋብሪኤላ ሳቦና ከአየርላንዷ ሶንያ ኦሱሊቫን ቀጥላ ሦስተኛ ወጣች። ከአምስት ቀን በኋላ በ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ቆመች። ራድክሊፍ ያንኑ ዘዴዋን ይዛ መራች። ደወሉ ሲደወል ሦስቱ አልፈዋት ሄዱ፤ ደራርቱ፣ ጌጤና ሪቤሮ። ደራርቱ እንደ ጥይት ተተኮሰች፤ ወርቁም የእሷ ሆነ። ጌጤ በ30 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ሁለተኛ ገባች። በአትላንታ የቀደመቻት ሪቤሮ፣ እዚህ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ከጌጤ ኋላ ቀረች። ራድክሊፍ አራተኛ ሆና ሜዳልያ አጣች።

በመጋቢት ወር ደግሞ በቤልጅየም አገር በኦስተንድ የዓለም አገር አቋራጭ ተደረገ። ሜዳው ጭቃ በጭቃ ነበር። በረጅሙ ሩጫ ጌጤ ወደ መጨረሻው አካባቢ ቀድማ ወጣች። አለቀ ሲባል ራድክሊፍ ደርሳ ቀደመቻትና አሸነፈች። መፈትለክ አትችልም የተባለችው ሴት፣ ጌጤን በገዛ ዘዴዋ አሸነፈቻት! ታዲያ ጌጤ ጭቃውን አጥባ በማግስቱ ተመልሳ መጣች። በማግስቱ የነበረው 4 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው አጭሩ አገር አቋራጭ ነው። ያው ሁለቱ እንደገና ተያያዙ። በዚህ ቀን ጌጤ አንደኛ፣ ራድክሊፍ ሁለተኛ ሆኑ። በሁለቱም ቀን በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነበር።

ዓመቱ በዚህ አላበቃም። በነሐሴ በካናዳ በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና ሆነ። በ10 ሺህ ሜትር ደራርቱ አንደኛ፣ ብርሃኔ አደሬ ሁለተኛ፣ ጌጤ ሦስተኛ ወጡ። ሦስቱም ሜዳልያ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። አራተኛዋን ገምቱ። ራድክሊፍ ናት፤ ከጌጤ የቀረችው የዓይን ጥቅሻ በማይሞላ ጊዜ ነው። እንግዲህ በአንድ የኢትዮጵያ ዓመት ውስጥ፣ ከመስከረም እስከ ነሐሴ፣ ጌጤ አምስት ታላላቅ ውድድር ሮጣ ከአምስቱም ሜዳልያ አግኝታለች። ወርቁ አንድ፣ ብሩ ሁለት፣ ነሐሱ ሁለት ነው።

ሰው ወርቅ ብቻ ይቆጥራል። በዚህ አልስማማም። ሁለተኛና ሦስተኛ የወጣችባቸውን ሩጫዎች ተመልከቱ። አብዛኛውን ጊዜ ከፊቷ የነበሩት ደራርቱን የመሰሉ ሰዎች ናቸው።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ ባላንጦች ሜዳውን ትተው ወደ ማራቶን ሄዱ። ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ደህና የሚራመድ ሰው ያለ ዕረፍት ቢሄድ ከ8 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ጌጤ የመጀመሪያ ማራቶንዋን በጥቅምት 1995 ዓ.ም. በአምስተርዳም ሮጣ በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ አሸነፈች። አዎን፣ ያችው አምስተርዳም ናት፤ ሁለት ዙር ለሴት አይሆንም የተባለባት ከተማ። ራድክሊፍም በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ በለንደን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበች። ይህ ክብረ ወሰን ሳይሰበር 16 ዓመት ቆይቷል። ጌጤ ስትታገል የኖረችው ከምን ዓይነት ሰው ጋር እንደሆነ ከዚህ ይታያችኋል።

ጌጤ ከአምስተርዳም በኋላ ልጅ ወለደች። ብዙዎች «ከእንግዲህ በቃት» አሉ። መስከረም 1999 ዓ.ም. ግን በጀርመን አገር በበርሊን ማራቶን ተሰለፈችና በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ አንደኛ ወጣች። በሕይወቷ የሮጠችው ፈጣኑ ማራቶን ይህ ነው። በዚያው የበርሊን ጎዳና በመስከረም 2016 ዓ.ም. ትዕግስት አሰፋ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብራለች፤ ይህንንም በኋላ አንዲት ኬንያዊት ሰበረችው። የትዕግስት ነገር የሚገርመው፣ ቀድሞ የ800 ሜትር ሯጭ መሆኗ ነው። እርግጥ ዛሬ ጫማውም ተለውጧል። የዛሬው ጫማ እንደ ሞላ ያነጥራል፤ የጌጤ ዘመን ጫማ አያነጥርም ነበር።

በዚያ ዘመን ለማራቶን ሯጮች አዲስ ሽልማት ወጥቶ ነበር። በቦስተን፣ በለንደን፣ በበርሊን፣ በቺካጎና በኒውዮርክ ለሚሮጡ ሰዎች ነጥብ ይሰጣል። አንደኛ የወጣ 25፣ ሁለተኛ 15፣ ሦስተኛ 10 ነጥብ ያገኛል። የሁለት ዓመት ነጥብ ተደምሮ የበለጠ ያለው 500 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ይሸለማል። ጌጤ ከበርሊን 25 ነጥብ አገኘች። በሚያዝያ 1999 ዓ.ም. በለንደን ሁለተኛ ወጥታ 15 ጨመረች። መስከረም 19 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ አገሩ ሁሉ አዲሱን ሺህ ዓመት ተቀብሎ፣ የመስቀል ደመራ አመድ ገና ሳይበተን፣ በበርሊን እንደገና አሸንፋ ሌላ 25 አገኘች። ድምሩ 65 ሆነ። 

የላትቪያዋ የሌና ፕሮኮፕቹካ 55 ነጥብ ይዛ ትከተላት ነበር። የቀረው ኒውዮርክ ነው። ፕሮኮፕቹካ ደግሞ ኒውዮርክን ሁለት ጊዜ ያሸነፈች ሴት ናት። ሦስተኛ ጊዜ ብታሸንፍ 80 ነጥብ ይሆንላታል፤ ጌጤም አገሯ ብትቀመጥ 65ቷን ይዛ ትቀራለች። የማራቶን ሯጭ ደግሞ ከአንዱ ሩጫ እስከ ሌላው ብዙ ወራት ማረፍ አለበት። እግር ያብጣል፤ ጡንቻ ይቆስላል። ጌጤ ግን በርሊን ከሮጠች በ35ኛው ቀን፣ ጥቅምት 24 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ኒውዮርክ መነሻው ላይ ቆመች።

ከጎኗ ማን ቆሞ ነበር? ፓውላ ራድክሊፍ! እሷም በዚያው በፈረንጆች ዓመት ልጅ ወልዳ መመለሷ ነበር። ሁለት እናቶች ከሌላው ተለይተው ተያያዙ። ራድክሊፍ ከፊት ትጎትታለች፤ ጌጤ ከኋላ ትከተላለች። ልክ እንደ ሴቪሊያ ነው። 20 ኪሎ ሜትር፣ 30 ኪሎ ሜትር፣ 40 ኪሎ ሜትር አብረው ሄዱ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀር ጌጤ ወጣች። ራድክሊፍ ግን ወዲያው መለሰችላት፤ አልፋትም ሄደች። በ35 ቀን ውስጥ ሁለት ማራቶን የሮጠ እግር ከዚያ በላይ ማርሽ አልነበረውም።

ራድክሊፍ በ2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ አንደኛ ገባች። ጌጤ በ23 ሰከንድ ተቀድማ ሁለተኛ ሆነች። ፕሮኮፕቹካ ሦስተኛ ወጣች። ነጥቡ ሲደመር ጌጤ 80፣ ፕሮኮፕቹካ 65 ሆኑ። 500 ሺህ ዶላሩን ጌጤ ወሰደች።